የማክሰኞው ውሃ

ቅዳሜ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ወይዘሮ ተናኘወርቅ መካኒሳ አቦ ባለው ቤታቸው አረፉ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ነበር፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢባሉ «ይለፍልኛል» ብለው እምቢ አሉ። ልጃቸው እድላዊት እጃቸውን ይዛ ነበር። ሲቀዘቅዝም አልለቀቀችውም።

ወንድሟ በፍቃዱ ፖሊስ ጠራ።

«ተከራይዋ ናት! ሐሙስ አጥሚት አመጣችላት፣ ማታውኑ ወደቀች። ማክሰኞ ቤቱን ውሃ ሲያጥለቀልቀውም ዱቄቷንና ምንጣፏን አውጥታ ጣለች። የምትደብቀው ባይኖር ማን ደህና ዱቄት ይጥላል?»

ተከራይዋ ሀኒፋ ሁለት ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ ጣቢያ ገባች። እድላዊትም «አጥሚቱ ነው» ብላ ቃሏ ላይ ፈረመች።

ኢንስፔክተር ኦልጅራ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበር። እሁድ ከቀብር መልስ ከድንኳን ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጓዳ ሲመላለስ ጎረቤቷ ወይዘሮ ፅጌረዳ አላስቻላቸውም።

«ኧረ ቁጭ በል ልጄ! ድንኳኑን ልትገዛው ነው እንዴ የምትለካው?»

እሱ ግን የሟቿ መኝታ ክፍል ገብቶ በርከክ አለ። ግድግዳው ላይ ውሃው የተወው እድፍ ከወለሉ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ከአልጋው ራስጌ፣ ከእድፉ በታች፣ ክዳን የሌላት ትንሽ ጀሪካን ተቀምጣለች፤ አፏ በተጠቀለለ ፌስታል ተወትፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጸበል። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣለች» አለች እድላዊት። ከዚያ «ትጠጣ ነበር» ብላ አረመች።

«ከማክሰኞ በኋላም?»

«እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ ነኝ የምቀዳላት። ጀሪካኑን በሳሙና አጥቤዋለሁ።»

«ውስጡንስ?»

«ጸበል እኮ ነው! ጸበል ይደፋል እንዴ?»

«ሌላ ሰው ጠጥቶለታል?»

«የለም። እኛ ከሮቶው ታንከር ነው የምንጠጣው፤ እሱ ቆጥ ላይ ነው።»

ፌስታሉን መዘዘው። እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

«የተረፈውን አጥሚት ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

«ታመምሽ?»

እድላዊት ዞራ ጀሪካኑን አየችው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ሰኞ፣ ሠልስት ዕለት፣ ኦልጅራ ሀኒፋን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ቆመ።

«በፍቃዱ፣ ማክሰኞ የገባው ውሃ ከየት መጣ?»

«ስንቴ ልንገርህ? ቧንቧ ፈንድቶ ነው። ንጹሕ ውሃ!»

«ወይዘሮ ፅጌረዳ፣ እዚህ ሰፈር የውሃ ፈረቃው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ሐሙስ ነዋ! ያውም ደግ ከዋለ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ባዶውን የዋለ ቧንቧ ምን ይተፋል?»

ለቀስተኛው ወደ በፍቃዱ ዞረ።

«ሀኒፋ፣ ዱቄቱን ለምን ጣልሽ?»

«ሸተተኝ፣ ጌታዬ። ጤና ጣቢያ በጽዳት ነው የምሠራው። የሽንት ቤት ውሃ የነካው ዱቄት አይበላም፤ ምንጣፍም አንዴ ከመጠጠው አይለቅም። የቀረውን በበረኪና አጠብኩ። ለጋሽ በፍቃዱ ነግሬያቸዋለሁ፤ ‹እናቴን አታስደንግጪያት› አሉኝ።»

ኦልጅራ ወደ ግቢው ጠቆመ።

«መኪና ለማቆም ግንቦት ላይ ሲሚንቶ ያስፈሰስከው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ክዳን ላይ ነው። መምጠጫ መኪና ቢመጣም ቱቦውን የሚያስገባበት የለም። ክረምቱ ገባ፣ ጉድጓዱ ሞላ፣ በሻወሩ ቀዳዳ ወደ ቤት ተመለሰ። ጀሪካኑን ዋጠው፤ ፌስታል ደግሞ ውሃ አያግድም። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም መርዝ አላገኘም፤ ያገኘው ከዓይነ ምድር የሚመጣ ተሕዋስ ነው። አጥሚቱን ሁለት ሰው ጠጣው፤ ጸበሉን አንድ ሰው። ጸበሉ ምንም አልበደለም። የገባበት ነው የገደላት። አንተ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ጀሪካኑ ከሀኒፋ ዱቄት ጋር ይጣል ነበር።»

በፍቃዱ መሬት መሬቱን እያየ «እናቴ ክዳኑን አትድፈነው ብላኝ ነበር» አለ። «እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው…»

«የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች እድላዊት።

«ንጹሕ ነው ተብለሽ ነው የሰጠሻት» አላት ኦልጅራ።

እድላዊት ተነስታ ሀኒፋ ፊት ቆመች። «ፈርሜብሻለሁ።»

«አውቃለሁ። አንብበውልኛል» አለች ሀኒፋ፤ ወዲያው ልጆቿን ልታመጣ ወጣች።

ኦልጅራ ለምርመራ የላከው የጀሪካኑ ውሃ ውጤት ሐሙስ ደረሰ፤ ተሕዋሱ ያው ነበር። በፍቃዱ በቸልተኝነት ተከሰሰ። ሲሚንቶው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተሰበረ፤ ሀኒፋ ግን ከዚያ በፊት ልጆቿን ይዛ ብስራተ ገብርኤል ቤት ተከራይታ ነበር።