የዳዊት የጎማ ዛፎች

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፣ ሰዎች ስለ ዓይነ ጥላና ስለ መንፈስ ሲያወሩኝ ክኒናቸውን እየሰጠሁ በልቤ የምስቅ፣ ቤተሰቡ ሁሉ «ይቺ ደረቅ» የሚለኝ፣ እና አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ፣ እመኑኝ፣ ትኩሳቱን ነበር የምለካው።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ደቡብ ምዕራብ ቆላ ውስጥ የጎማ ዛፍ እርሻ ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ጉበቱን ታሞ ቡራዩ እኔ ቤት መጣ፣ ሐኪሞቹም ቤት ይዘሽው ሂጂ ብለው አሰናበቱን። ከልብሱ ይልቅ ተንከባክቦ ያመጣው የጎማ ችግኞችን ነበር። ጓሮዬ ላይ ትንሽ ላስቲክ ቤት አሠርቶ ተከላቸውና አንዱ እንኳ ከጸደቀ እኔም እድናለሁ ብሎ ቁጭ አለ፣ ምን ትሉታላችሁ?

ችግኝ አፍልተው የሚሸጡት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ ሙቀትና ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የሚፈልግ ዛፍ ነው። እዚህ ጽድ ትከል፣ ዝግባ ትከል» አሉት። ይህን ዳዊትም ያውቀዋል፣ የመናገሻ ጫካ ደረቅና ብርዳም ነው፣ የቆላው ግን ቅጠሉ ሰፊ፣ ሁሌ የሚንጠባጠብ ነው እያለ እኔን ሲያስተምረኝ የኖረው እሱ ራሱ ነው፣ ሞት ሲመጣ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ረሳው መሰለኝ። ኅዳር ላይ ውርጩ ወረደና ችግኞቹ በሙሉ ጠቆሩ። አልነገርኩትም፣ ከአልጋ መነሣት አቁሞ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከጓሮ ቢላ እንጨት ሲፍቅ ሰማሁ። ሌባ ነው ብዬ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ የላስቲኩን በር ስገልጥ ግን ወበቅ ፊቴን መታኝ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከሰፊ ቅጠል ላይ ዝናብ ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ ያ ቤት እኮ እጄን ብዘረጋ ዳርና ዳሩን የምነካው ነው፣ ፍቅፍቁ ግን ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ይፍቅና ይራመዳል፣ ደግሞ ይፍቃል። ከዚያ አንድ ሰው ሳለ። የወንድሜን ሳል የማላውቅ ይመስላችኋል? ስሙን ጠርቼ ጮህኩ፣ ፍቅፍቁ ቆመ፣ ወበቁም ጠፋ፣ ከፊቴ የቀሩት የጠቆሩት ችግኞች ብቻ ነበሩ።

ሮጬ ገባሁ። አልጋው ላይ ነው፣ ዓይኑን ገልጧል፣ ጣቶቹ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል፣ ላጥ ሳደርገው ተለጠጠ።

«ለምን ጠራሽኝ እትዬ?» አለኝ በቀስታ። «የዛፎቹን መስመር ፀሐይ ሳትወጣ መጨረስ ነበረብኝ።»

እውነትም እዚያ እርሻው ላይ ሥራው እንደዚህ ነው፣ ገና ሳይነጋ ቅርፊቱን በሰያፍ እየበጡ ከዛፍ ዛፍ ይሄዳሉ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጎማ የሚሆነው ነጭ ወተት መፍሰስ ያቆማል። መስመሩን ሲጨርስ ድኖ እንደሚመለስ ወይስ እዚያው እንደሚቀር ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኦቦ ቶሎሳን ጠርቼ ጣቶቹን አሳየኋቸው፣ ዳሰሱትና ጣታቸውን ልብሳቸው ላይ እየጠረጉ ወጡ።

ላስቲክ ቤቱን አፈረስኩት። የፍቅፍቁ ድምፅ ግን በየማለዳው ይሰማኛል፣ በየቀኑ ትንሽ እየራቀ፣ እኔም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፣ ብጠራው ሥራውን አስጥዬ የምገድለው፣ ዝም ብል ደግሞ የምሸኘው ይመስለኛል፣ ፈርቻለሁ። ዛሬም አልጠራሁትም።