ማሙሽ፣ እማዬ ትጠራሃለች

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሰው "ድምፅ ሰማሁ" ሲለኝ "ጆሮህን ታጠብ" ብዬ ሙድ የምይዝ የፒያሳ ልጅ፣ እና ይህን ሳወራልህ እንዳታፍርብኝ፣ እኔ በራሴ አፍሬ ጨርሻለሁ።

እሪ በከንቱ ሠፈር ሳድግ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበረ፣ በሩ ላይ ቡኒ መጋረጃ፣ ውስጡ ሳንቲም እየጎረሱ የሚጮሁ ሦስት ማሽኖች። አስራ አምስት ዓመቴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ አልፌው የማላውቀው ደረጃ ላይ ደርሻለሁ፣ ታናሽ እህቴ ጽጌ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ የእማዬ ሹራብ ጉልበቷ ድረስ ወርዶ፣ ውሃ እያንጠባጠበች። "ማሙሽ፣ እማዬ ትጠራሃለች!" ማሙሽ የቤት ስሜ ነው፣ ጌም ቤቱ በሙሉ አውካካብኝ፣ አንዱ "ማናት ደሞ?" ሲል ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል "አላውቃትም" አልኩ። ስምንት ዓመቷ ነበር። ትንሽ ቆማ አየችኝና ሄደች።

እማዬ ድንገት ታማ፣ ሐኪም ቤት እንዳደርሳት ነበር የጠራችኝ። ጨዋታዬን ጨርሼ ስደርስ ግቢያችን በለቅሶ ተሞልቷል። ጽጌ እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም፣ እኔም አንስቼላት አላውቅም።

ከስንት ዓመት በኋላ ሠፈሩ ሲፈርስ የጌም ቤቱ ባለቤት ማሽኖቹን ሊጥላቸው ነው አሉኝ፣ ሮጥኩ። ሳሎኔን የድሮውን ጌም ቤት ላደርጋት ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ መሰለህ! ለጊዜው አንዱን ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ አወጣሁት፣ ባለቤቴ ሂሩት "እንግዳ ሲመጣ እዚህ ላይ ነው የምናስቀምጠው?" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውጪው ጠራራ ፀሐይ፣ መብራት ጠፍቷል፣ እኔ የማሽኑን አቧራ እየጠረግኩ ነው፣ ሶኬቱም መሬት ላይ እንደተጣለ ነው። ውስጡ ሳንቲም ሲወድቅ ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ። ወዲያው ያ የድሮው የጨዋታው መክፈቻ ዜማ ጀመረ፣ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ፣ ሂሩት ከኩሽና "መብራት መጣ እንዴ?" አለች። ሳልመልስላት በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

"ማሙሽ፣ እማዬ ትጠራሃለች!"

እመነኝ፣ የሕፃን ድምፅ ነው፣ ይህን ስም ደግሞ ሂሩት እንኳ አታውቀውም። እጇን እየጠራረገች ወጣችና "ማሙሽ ማነው? ይቺስ ልጅ ማናት?" አለችኝ።

"አላውቃትም" አልኩ።

በማርያም፣ አስቤው አይደለም፣ አመለጠኝ! ሂሩት በሩን ስትከፍት ማንም የለም፣ ደረጃው ጭር ብሏል፣ ከበራችን ፊት ግን ሲሚንቶው ርሷል።

ያኔውኑ አፍንጮ በር ወደምትኖረው ጽጌ ደወልኩ፣ "ምነው ድምፅህ?" አለችኝ፣ "ምንም፣ ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ወንድ ነኝ እላለሁ እንግዲህ።

ማሽኑን ልግዛህ ያለኝ ሰው ነበር፣ እምቢ አልኩት። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ያ ድምፅ ዳግም ቢጠራኝ ልነሳ፣ እስካሁን የመጣ የለም።