የምስክር ቀኝ እጅ

ገብረሰንበት የወንድሙን ሬሳ ያየው ፈጣም ወንዝ ዳር ነው። የክረምቱ ደራሽ ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ ከሁለት ቋጥኞች መካከል ወሽቆት ነበር። ሰዎች ጎትተው ሣሩ ላይ ሲያጋድሙት ሌላው ሁሉ ፊቱን ያያል፤ ገብረሰንበት ግን ዓይኑን ከቀኝ እጁ ላይ ማንሣት አልቻለም። ጣቶቹ ግማሽ ተከፍተው ቀርተዋል።

«ይህ እጅ እንዴት ይለቃል?» አለ አንዱ። ሌሎቹም እየተቀባበሉ ደገሙት። ገብረሰንበት መልሱን ያውቅ ነበር። ስለሚያውቅም ከሰዎቹ ኋላ ሄዶ ቁጢጥ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሚያለቅስ መሰላቸው።

ጊዜው ሐምሌ 1996 ዓ.ም. ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ። ሟቹ ምስክር ቡሬ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበር። ከወንዙ በላይ፣ ገደሉ በሚጠብበት፣ ከወዲህ እስከ ማዶ የብረት ገመድ ተዘርግቷል። ክረምት ሲገባ ማዶ ወዳለችው ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ሰው በመዘውር በተንጠለጠለች ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ ገመዱን እየሳበ ይሻገራል። ምስክር ግን በደህናው ጊዜ ሳንቃዋን ንቆ በሁለት እጁ ብቻ እየተንጠለጠለ ይሻገር ነበር። ተማሪዎች ያጨበጭቡለታል፤ ሽማግሌዎች ይቆጡታል። ወደ ማታ ለበዓሉ ሊሻገሩ የመጡ ምእመናን ሬሳውን ባገኙ ጊዜ ታዲያ «ጉራው ገደለው» ብለው ደመደሙ። የወረዳው ፖሊስም ነገሩን በዚያው ሊዘጋው ነበር።

በማግሥቱ፣ ቀብሩ ሳይፈጸም፣ ከፍኖተ ሰላም አንዲት መርማሪ መጣች። ኢንስፔክተር አደይ ትባላለች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። ገመዱ ዘንድ ሄዳ ገደሉን ቁልቁል አየችና መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሟቹ አልነበረም።

«ሳንቃዋ የት ናት?»

ሁሉም ወደ ማዶ አዩ። ሳንቃዋ ማዶ ካለው ግራር ጋር ታስራ ቆማለች። ማታ በግርግሩ ማንም ልብ አላላትም ነበር።

ገብረሰንበት ወደፊት ወጣ። በያጅ በመሆኑ መዘውሩን የሚጠግነው እሱ ነው። የዋዜማው ዕለት ጠዋት መዘውሩን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ፣ ሳንቃዋን ከወዲህ አስሯት እንደሄደ ተናገረ።

«እንግዲያ ከወንድምህ በፊት የተሻገረ ሰው አለ» አለች አደይ። «ሳንቃዋንም ማዶ ያሰራት እሱ ነው። ወንድምህ በእጁ የተንጠለጠለው በጉራ ብቻ ላይሆን ይችላል።»

ይህ ቃል ለገብረሰንበት እፎይታ ሊሆነው በተገባ ነበር። አልሆነውም። ሳንቃዋን ማንም ቢያስራት፣ የወንድሙን እጅ ያታለለው እሱ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምና፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ምስክር ቀኝ እጁ ተቆራርጦ፣ በሰው ሻርፕ ተጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ሽቦ አጥር ላይ ወደቅሁ አለ። ቁስሉ ሲድን ጣቶቹ ብርጭቆ ማንሣት አቃታቸው። ቤቱ ውስጥ ከአዲስ አበባ ያስመጣቸው ሁለት መጨበጫዎች ነበሩ፤ ሁለት እጀታ በጥቅል ሞላ ተያይዞ፣ እጀታዎቹ እስኪገናኙ ድረስ በመዳፍ የሚታገሉት ብረት ነው። ቀዩ የጀማሪ ነው። ጥቁሩን ግን ቡሬ ውስጥ ከምስክር በቀር ማንም ዘግቶት አያውቅም፤ ከጉዳቱ በኋላ ቀዩ እንኳ አልበገር አለው።

እንደ ሕፃን ከሀ ጀመረ። እጁን አሸዋ ባለበት ባልዲ ከትቶ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ያጥፋል፤ እርጥብ ጋቢ ይጠመዝዛል፤ ከዚያ ቀዩን ጨብጦ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ይይዝና ቀስ አድርጎ ይለቃል። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ያሳርፈዋል፤ ጅማት አይቸኩልም ይል ነበር። በጥር ቀዩ ተዘጋለት። ጥቁሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ጾሙም አልፎ ፋሲካም አልፎ ፈቀቅ አላለም። ምስክር ከሰው ራቀ፤ ምግብ ጠላ፤ ሚስቱ እታለም ሌሊት ሲቃዥ ትሰማዋለች። ወንድሙ እየከሰመ ሲሄድ ማየት ያልቻለው ገብረሰንበት «ዝገታቸውን ልጥረግልህ» ብሎ ሁለቱንም ወሰደ። የቀዩን ሞላ ነቅሎ በጥቁሩ እጀታ ላይ ገጠመው። ቀዩ እጄ ላይ ተሰበረ ብሎ ጥቁሩን ብቻ መለሰለት።

ምስክር በዚያ ምሽት ጥቁሩን ጨበጠው፤ እጀታዎቹም ተገናኙ። መሬት ስሞ አለቀሰ። እውነተኛው ጉልበት ሲመለስ እነግረዋለሁ ብሎ ገብረሰንበት ዝም አለ።

ከቀብሩ በኋላ አደይ ለቅሶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰዎችን አንድ በአንድ አነጋገረች። ገብረሰንበት ለቀስተኛው ውሃ ሲያድል ጆሮው እሷ ዘንድ ነበር። እታለም ስለ አምናው ጉዳት ስትነግራት መርማሪዋ ቀኑን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። የቡሄ ዋዜማ መሆኑንም ጻፈች። ሻርፑ የማን እንደነበረም ጠየቀች። የልዑልሰገድ ነበር።

ልዑልሰገድ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርእሰ መምህርና የምስክር የቅርብ ወዳጅ ነው። ክረምት ከበጋ ከካኪ ኮቱ ተለይቶ የማያውቀው ሰው በዚያ ቀን ጥቁር ሱፍ ለብሶ ነበር። በዋዜማው ሽንዲ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር አለ።

«እጁ ድኖ ነበር ይላሉ» አለችው አደይ።

«እንዴታ። ያንን ጥቁር ብረት እኛ ፊት ነው የዘጋው። እኔም ሞክሬው ነበር፤ ፊቴ ደም እስኪመስል ታግዬ አልበገር አለኝ። የእሱ እጅ የሰው እጅ አልነበረም።»

የማዶዋን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት መሪጌታ ቂርቆስም ለቀብሩ ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞረው መጥተዋል። ቅስናም ስላላቸው የምስክር የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። አደይ ሟቹ በዝናብ ወደ ማዶ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ስትጠይቃቸው ስለት ሊያደርስ ነው አሉ። እጄ ከዳነ ብሎ የተሳለው ነበረው።

«ምን ነበር ስለቱ?»

«ልጄ፣ እሱን እኔን አትጠይቂኝ።» ሽማግሌው መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ይህን ብቻ ልበልሽ። ምስክር ሊቆም ሲል ምስክር ወደቀ።»

ለገብረሰንበት ይህ የሐዘን ቃል ብቻ ሆኖ ተሰማው። አደይ ግን ራስዋን ዝቅ አድርጋ ጉልበታቸውን ሳመች።

በማግሥቱ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። ከቦርሳዋ ጥቁሩን መጨበጫ አወጣችና ቀዩ የት እንዳለ ጠየቀችው። ተሰበረ አላት። ስባሪውስ? ጣልሁት አለ። በያጅ የሞላ ብረት ሲጥል አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። ከዚያ ጥቁሩን በትንሿ መዳፏ ያዘችና፣ እያየችው፣ እጀታዎቹን አገናኘቻቸው።

«እኔ እርጥብ ነጠላ ስጨምቅ የሚደክመኝ ሰው ነኝ» አለች በቀስታ።

ገብረሰንበት ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገራት። እውነተኛውን የጥቁሩን ሞላም ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አውጥቶ ሰጣት።

«ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ። እጄን ይሰሩኝ።»

«የያዝኸውን ጥፋት ያዝ። የሌላውን አትጨምርበት» አለችው። «ነገ በሰልስቱ ሁሉም ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ለማንም አትናገር።»

በሰልስቱ ለቀስተኛው በልቶ ሲበተን እታለም፣ ገብረሰንበት፣ ልዑልሰገድና መሪጌታ ቂርቆስ ድንኳኑ ውስጥ ቀሩ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። አደይ መጨበጫውን ለእታለም ሰጥታ «እባክሽ ጨብጪው» አለቻት። እታለም በሐዘን የዛለ እጇን ብትጨብጥ ብረቱ ተዘጋ። ደንግጣ ጭኗ ላይ ጣለችው።

ገብረሰንበት ሞላውን የቀየረው እሱ መሆኑን ራሱ ተናገረ። እታለም አላየችውም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ይህን ብረት ሐዘንተኛ ሴት ትዘጋዋለች» አለች አደይ። «መምህር ልዑልሰገድ ግን ደም እስኪመስሉ ታግለው አቃታቸው። ደህና እጅ ያለው ሰው ይህን አልቻልሁም ካለ፣ እንዳልቻለ ሊመስል ፈልጓል ማለት ነው። ለመምሰል ደግሞ መጀመሪያ መላላቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ከገብረሰንበት ሌላ የምስክር እጅ እንዳልዳነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።»

«ለወዳጄ አዝኜ ቢሆንስ?» አለ ልዑልሰገድ።

«ያን ምሽት አዝነውለት ይሆናል፤ አምናለሁ። ግን ምስክር ስለቱን ሲነግርዎ ነገሩ ተለወጠ። መሪጌታ፣ ቃልዎን ልፍታው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ምስክር የሰውየው ስም ነው፤ ሰሙ እሱ ነው። ወርቁ ግን የፍርድ ቤት ምስክር ነው። ምስክር ምስክር ሆኖ ሊቆም ነበር። አምና በቡሄ ዋዜማ ወይዘሮ አየለች የሚባሉ ባልቴት መንገድ ላይ ሞተር ገጭቷቸው፣ የገጫቸው ሰው ጥሏቸው ሄደ። መዝገቡን የያዝሁት እኔ ነኝ። ባልቴቷ እስከ ንጋት ትንፋሻቸው ነበረ፤ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ይተርፉ ነበር። በዚያው ምሽት ምስክር በእርስዎ ሻርፕ እጁን ጠቅልሎ ገባ። በዚያው ሰሞን ሞተርዎን ዱርቤቴ ወስደው ሸጡ። የገዛው ሰው የሞተሩ ፊት ተጣምሞ ሳለ እንደገዛው ትናንት ነግሮኛል። የነዱት እርስዎ ነዎት። ምስክር ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እጁ የተቆራረጠውም ያኔ ነው።»

እታለም አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባሏ ሌሊት ሲቃዥ «ተመለስ፣ እናንሣት» እያለ ይጮህ እንደነበር፣ ትርጉሙን ግን ጠይቃው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ተናገረች።

አደይ ቀጠለች። ሽንዲ ሰው ልካ ነበር፤ በዋዜማው ልዑልሰገድን ያየ ዘመድ የለም። ካኪ ኮቱም ከቤቱ ተገኝቷል። ታጥቧል፤ ትከሻው ላይ ያለው የተቃጠለ ዘይት ግን አልለቀቀም። ያ ዘይት በዋዜማው ጠዋት የተቀባው፣ ሳንቃዋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ትከሻው ላይ የሚንጠባጠበው ነው።

«አብረን ሄደን ስለትህን እናድርስ፣ ሰኞም ፍኖተ ሰላም አብሬህ እቆማለሁ ሳይሉት አልቀሩም። ቀድመው ተሻገሩ። ሳንቃዋን ማዶ አሰሩ።»

መሪጌታ ቂርቆስ ያን ጊዜ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ይህ በንስሐ የሰማሁት አይደለም፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው» አሉ። «ከቅጽሩ ሆኜ ከገደሉ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ‹እጅህ ከዳነ እንደ ድሮህ ና!› የሚል። እረኞች የሚጫወቱ መስሎኝ ጸሎቴን ቀጠልሁ። ወጥቼ ባይ ኖሮ…» አልጨረሱትም።

ልዑልሰገድ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እኔ አልነካሁትም» አለ።

«አልነካኸውም» አለች አደይ፤ አንቱታው ቀርቷል። «እንደማይሸከመው ባወቅኸው እጅ ላይ ነፍሱን ሰቅለህ ጠራኸው። ሲወድቅም በድልድዩ ዞረህ ቤትህ ገባህ። አሁንም ጥለህ ሄድህ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አልታገለም።

ገብረሰንበት መርማሪዋን እስከ መኪናዋ ሸኛት። ስለ ራሱ ጥፋት ሲጠይቃት በሞላ መቀየር የሚከሰስበት ሕግ እንደሌለ ነገረችው። ይህ አላጽናናውም፤ ያላጽናናው መሆኑንም ያየች ይመስላል።

«ወንድምህ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ ነበር» አለችው። «ሥራ በዝቶብኝ ሰኞ ይምጣ ብዬ በዘብ አስመለስሁት። ሬሳውን ለማየት ራሴ የመጣሁት ለዚህ ነው። አንተም እኔም ይህን ይዘን እንኖራለን።»

ገብረሰንበት በማግሥቱ በጠዋት ተነሣ። የወይዘሮ አየለች ልጅ ወለተ ሐና የምትኖርበትን መንደር ጠይቆ፣ ጭቃውን እየረገጠ ደረሰ። ጎመን ከምትቀነጥስበት ቀና ብላ አየችው። ማን እንደሆነ ነገራት። እናትሽ ሲገጩ ሞተሩ ላይ ከኋላ የነበረው ወንድሜ ነው፤ እውነቱን ሊናገር ተነሥቶ ነው የሞተው፤ እሱ ያላደረሰውን እኔ ላደርስ መጣሁ አላት።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። የያዘችውን ቅጠል ቁና ላይ አስቀመጠች።

«ጥለዋት ሲሄዱ እናቴ በሕይወት ነበረች?»

ወዲያው ሞተዋል የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። ቀላል ነበር፤ ደግም ይመስላል። ገብረሰንበት ዋጠው።

«ነበሩ» አላት። «እስከ ንጋት።»

ወለተ ሐና ወደ መንገዱ አቅጣጫ ዞረች። ከዚያ ደጃፏ ላይ ያለውን መደብ በእጇ አሳየችው።

«ተቀመጥ» አለችው። «ወንድሞቼ ከአረም ሲመለሱ፣ ለእነሱም አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

ተቀመጠ።