የግራው ማገጃ

ቃልቤሳ የሞተው በገዛ እጁ በገጣጠማት መኪና ሥር ነው። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ያለው የአፈር መንገድ በሚያልቅበት፣ ከአቃቂ ወንዝ ገደል ግርጌ ተገልብጣ ተገኘች። አምስት ሰዎች ተረባርበው ሲያነሷት ሁለቱም የፊት ጎማዎቿ ወደ ግራ እንደታጠፉ ቀሩ። ጎማ እስከዚያ ድረስ አይታጠፍም። ያየው ሁሉ የሰው ክርን ወደ ኋላ ተቀልብሶ ያየ ያህል ፊቱን አዞረ።

ኢንስፔክተር ሰልዋ ግን ሬሳው ከተነሳ በኋላ ተንበርክካ ጎማዎቹን ብዙ አየቻቸው።

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። መኪናዋ ተፈታታ በሳጥን ስትመጣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሚገጠም ነበር። ቃልቤሳ ወደ ግራ አዛወረው። ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ክንዶች ደግሞ ብረት ቀራጩ የቶርኖ ባለሙያ ጋሼ ሂርጳ አዲስ ሠሩለት። በመጀመሪያው ሙከራ ጎማው ከልኩ አልፎ ታጠፈና ተቆለፈ። ስለዚህ ቃልቤሳና የሥራ ባልደረባው ዮሚፍ በቀኝም በግራም ማገጃ ጨመሩ። ማገጃው ጎማው አጠገብ የተበየደ ብረት ሲሆን በውስጡ የሚገባና የሚወጣ ብሎን አለው። ጎማው ልኩ ላይ ሲደርስ ክንዱ የብሎኑን ራስ ይመታል፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም።

እሑድ ዕለት ቃልቤሳ ለሙከራ ሲነዳት የግራው ማገጃ አላቆመም። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ «ማገጃ፣ ቀኝና ግራ፣ ተፈትሿል» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ያለው የቅዳሜ ማታ ፊርማ የዮሚፍ ነው። በዚያው ዕለት ታሰረ። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሊከሰስ ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

ሰልዋ ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ውስጥ አነጋገረችው።

«ብሎኑን ማን አጠበቀው?»

«እኔ።»

«ልኩን ስትይዙ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ ነበር ወይስ መሬት ላይ ቆማ?»

ዮሚፍ ቀና አለ። ከፖሊስ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «መሬት ላይ። ቃልቤሳ ውስጥ ተቀምጦ መሪ ያዞራል፣ እኔ ሥር ተኝቻለሁ። ክንዱ ብሎኑን ደጋግሞ ሲመታው ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አጠረ?»

«አላውቅም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው ማለት ነው።»

«በመጀመሪያው ሙከራ ጎማው ከልኩ ያለፈውስ ለምንድን ነው?»

ዮሚፍ እጁን አፍተለተለ። «አዲስ መኪና ነው... ያጋጥማል።»

ሰልዋ ይህ ሰው ውሸት እንደማይችልበት ተገነዘበች። ለምን እንደዋሸ ግን አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ አቃቂ በሰቃ ወደሚገኘው ወርክሾፕ ሄደች። መኪናዋ ወደ ግቢው ተወስዳለች። ሰልዋ የእጅ ባትሪ ይዛ ከሥሯ ገባች። በሁለቱም ማገጃዎች ላይ፣ ከብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ እስከ ብረቱ ድረስ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም የተሰመረ ቀጭን መስመር አለ። ዳዶው ትንሽ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። በቀኝም በግራም መስመሩ አልተሰበረም። የቀኙን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ንቅንቅ አላለም። ግራውን ስትነካው ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። በነጭ ወረቀት ሥሩን ጠረገችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

የሟች ባለቤት ዲንቄ በሩ አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ቀለሙ የአንቺ ነው?»

«የእኔ ነው። ከመስታወቴ ሥር አንስቶ ብሎን ይቀባበታል። እዚሁ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው። እህቴ፣ መኪናዋን ጠልቻት ነበር፣ አልደብቅሽም። ‹እሷኑ አግባ!› ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«እሑድ ጠዋት መጥተሽ ነበር?»

«ሸሚዝ ላስቀምጥለት። እሱና ዮሚፍ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሀይረዲን ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ጋሼ ሂርጳም ቶርኗቸውን ሲያጸዱ ነበሩ።»

ሀይረዲን የግቢው ባለቤት ነው፤ በበሩ ላይ መለዋወጫ ይሸጣል። ተከራዮቹን አስወጥቶ ግቢውን መጋዘን ሊያደርገው እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል።

«እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም» አላት። «ግን ሰው ገድዬ ነው እንዴ የምቀበለው? ኢንስፔክተር፣ እኔ ብሎን እሸጣለሁ እንጂ ብሎን አልፈታም።»

«ቅዳሜ እዚህ ምን ተወራ?»

ሀይረዲን ጭንቅላቱን አከከ። «ሻይ እየጠጣን ቀለድኩ። ጋሼ ሂርጳን፣ ‹አንቱ የሠሩላት እግር ሸፋፋ ነው፤ ልጆቹ ክራንች ገዙላት› አልኳቸው። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ቃልቤሳ ብቻ፣ ‹ተው እንጂ፣ ማገጃ የሌለው መኪና የት አለ!› ብሎ ተቆጣኝ።»

«ጋሼ ሂርጳስ?»

«ሻይውን ሳይጨርሱ ተነሱ።»

ጋሼ ሂርጳ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በአካባቢው ቶርኖ የያዘ ወጣት አብዛኛው የእሳቸው ተማሪ ነው፤ ቃልቤሳም እንዲሁ። ለወፍጮ ቤት የነሐስ ቀለበት እየቀረጹ አገኘቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ክንድ ሠራሁ። ክንዱ ተሰበረ? አልተሰበረም። ማገጃ የሚሉትን ጣጣ ያመጡት እነሱ ናቸው።»

«አያስፈልግም ነበር ይላሉ?»

«የእኔ ሥራ ከልኩ አያልፍም።»

ይህን ሲሉ የቶርኖውን ማሰሪያ ብሎን ሊያላሉ መፍቻ አነሱ። ከማዞራቸው በፊት ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ አውጥተው የብሎኑ ጥርስ ላይ ጠብ አደረጉ። ሰልዋ ጣቶቻቸውን አየች። በላያቸው ባለው ዘይት ውስጥ የነሐስ ብናኝ ያብረቀርቃል።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዮሚፍን በካቴና እንደታሰረ አንድ ኮንስታብል ይዞት መጣ። ሰልዋ መኪናዋ አጠገብ ቆመች።

«ከዮሚፍ እንጀምር። ብሎኑን ሲያጠብቅ ልኩን ስቶ ነበር? አልሳተም። የግራውን ክንድ እዩት። ቀለሙ በስድስት ማዕዘን ቅርጽ ተልጧል፤ የብሎን ራስ የመታው ነው። አሁን ግን ብሎኑ ክንዱ ጋ አይደርስም፤ በመሃላቸው ጣቴ ይገባል። አንዴ ይነካ የነበረ ብሎን አሁን ካልነካ፣ ከፍተሻው በኋላ ወደ ውስጥ ያስገባው ሰው አለ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ መመለሻው ወደ ግራ ነው። ያን የማያውቅ እዚህ የለም።»

«መስመሩ ግን አልተሰበረም» አለ ሀይረዲን።

«አዲስ ተሰምሮ ነው። የቀኙ በጥፍር አይነሳም፤ የግራው በንክኪ ተላጠ። ከሥሩ ዘይት ነበረ። ዮሚፍ፣ እናንተ ማገጃው ላይ ዘይት ታደርጋላችሁ?»

«በጭራሽ። በንዝረት ይላላል።»

«ዲንቄ፣ አንቺ ብትሆኚስ?»

«ዘይት ላይማ ቀለም አይዝም! እጄን ሳልታጠብ ቀብቼ አውቃለሁ እንዴ?»

«አየሽ፣ አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ ትጠርጊው ነበር።»

ሀይረዲን ከግድግዳው ተላቀቀ። «እኔ የሰው ዘይት ወስጄስ ቢሆን? ሰው ላይ ላላክክ ብዬ?»

«አስቤዋለሁ። ግን ሰው ላይ ማላከክ የፈለገ ዘይቱ እንዲታይለት ይፈልጋል። ይሄኛው በጥርሶቹ መሃል የገባ፣ በላዩም ቀለም የተቀባበት ነው። ያደረገው ሰው ዘይት ማድረጉን ራሱም አላስተዋለም። እጁ ለምዶበታል። ደረቅ ብሎን ማዞር አይሆንለትም።» ወረቀቱን ዘረጋችው። «ይሄ ከጥርሱ የጠረግኩት ነው። ቢጫው የነሐስ ብናኝ ነው። እዚህ ግቢ ነሐስ የሚቀርጸው አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ዞሩ። ጋሼ ሂርጳ የኮታቸውን ኪስ በመዳፋቸው ሸፍነው ቆመዋል።

«እንዲሞት ብዬ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ዞሮ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ላሳያቸው ነበር። ‹ይኸው፣ ማገጃችሁ ሳይነካው ዞረ› ልል ነበር።»

«ዮሚፍስ?» አለች ዲንቄ። «ሦስት ቀን ሙሉ ታስሮ፣ እዚሁ ነሐስ ይቀርጻሉ?»

«በየጠዋቱ ጣቢያ እሄዳለሁ እያልኩ እነሳ ነበር።»

«አልሄዱም።»

«አልሄድኩም።»

ሰልዋ ለኮንስታብሉ ምልክት ሰጠች። ካቴናው ተፈታ። ዮሚፍ አንጓውን እያሻሸ ባለበት ቆሞ ቀረ።

ጋሼ ሂርጳ ወደ እሱ ቀረብ አሉ። «ዮሚፍ፣ እውነቱን ንገረኝ። ጎማው ከልኩ ያለፈው ክንዱ አጥሮ ነበር?»

ሰልዋ ትናንት ለክታዋለች። መልሱን ግን ለዮሚፍ ተወችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

«በአሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ጋሼ። ሁለቱም። የመጀመሪያው ሙከራ ዕለት ነው የለካነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ቃልቤሳ ከለከለኝ። ‹እሳቸው ናቸው እጄን ይዘው ሙያ ያስተማሩኝ። በእርጅናቸው ተሳስተዋል አልላቸውም፤ ማገጃ እንጨምርና ይለፍ› አለኝ። እኔም ለፖሊስ እንኳን አልተናገርኩም።»

ሀይረዲን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኮንስታብሉ ካቴናውን ይዞ ቢጠጋም ጋሼ ሂርጳ አላዩትም። ቀኝ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ጥቂት አራራቁ። አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ነበር። መለኪያ አላስፈለጋቸውም።