የአባባ ደወል

ጡረተኛው መምህር ከቀትር በኋላ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የኦክስጅን መሣሪያው ይሠራል፤ ቀጭኑ ቱቦ ግን ከመሣሪያው ተላቆ ወለል ላይ ወድቋል። ይህ በራሱ አያስገርምም፤ በእንቅልፍ ልቡ የሚገላበጥ ሰው ቱቦ ይነቅላል። የሚያስገርመው ሌላ ነው። ጣታቸው ላይ የተሰካችው መለኪያ ኦክስጅናቸው ሲወርድ ለራስጌው ኮምፒውተር ትነግራለች፤ ኮምፒውተሩም ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። የዚያን ቀን ኮምፒውተሩ ትንፍሽ አላለም።

መርማሪዋን የጠራት የሟቹ ወንድ ልጅ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ሳትወጋ አታልፍማ። ልጅየው ፕሮግራም ሠሪ ሲሆን የደወሉንም ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። የእሱ ሙያ ሰዎች ደግሞ ከሰው ይልቅ የጻፉትን ያምናሉ።

«እህቴ ናት ያጠፋችው» አላት ገና በር ላይ። «ጩኸቱ ሰለቻት፣ እንቅልፍ አማራት፣ አጠፋችው። ያ ፕሮግራም አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም!»

«ደወሉን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«እሁድ፣ የእኔ ተራ ነበር። ስወጣ እየሠራ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

እህትየዋ ሳሎን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። አባቷን ለማስታመም ሥራዋን የተወችው እሷ ነበረች። አሁን ከለቅሶተኛው መሃል አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቷል፤ ወንድሟ ያለውን ሁሉም ሰምቷል።

«ደወሉን አጥፍተሽዋል?» አለቻት መርፌ።

«አላጠፋሁም። ግን ተኝቼ ነበር። ጮኾ ይሆናል እኮ። እኔ ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል። ጋሼ ገዳይ ብሎኛል። እውነቱን ይሆን?»

በዚህ ጥያቄ ፊት ሕግም ምርመራም አቅም ያንሳቸዋል።

አባትየውን በተራ ትጠብቅ የነበረችውን ተመላላሽ አስታማሚ መርፌ ያገኘቻት ኩሽና ውስጥ ነው። የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች።

«እውነቱን ልናገር» አለች አስታማሚዋ። «የዚያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ደርቆ አልንቀሳቀስ አለኝ። እንደዚያ ሲሆን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ ደወሉ ራሱ ይነሳል ብለውናል፣ ልጃቸው።»

«ተነሳ?»

«ጥቁር መስኮት ብቅ ብሎ ጠፋ። ሁልጊዜም ብቅ ይላል።»

«ሁልጊዜም ይጠፋል?»

«አይ… ይቆያል። ከዚያ አንዴ ጢጥ ይላል።»

«የዚያን ቀን ጢጥ ብሏል?»

«አባባ ውሃ ስጪኝ አሉኝና… ዞርኩ። ከዚያ ተራዬ አለቀና ወጣሁ።» ብርጭቆው ከእጇ ሾለከ።

መርፌ ሦስቱንም የሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ከመነሳቱ በቀር አልጋው እንደነበረ ነው፤ ቱቦው ወለል ላይ፣ መለኪያዋ ትራሱ ላይ። ልጅየውን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው።

«እሁድ እዚህ ላይ ምን ስትሠራ ነበር?»

«የቢሮ ሥራ። የእኔ ላፕቶፕ ተበላሽቶ ነበር። ደወሉን ግን ጫፉን አልነካሁም!»

«ለቢሮ ሥራህ ምን ጫንክበት?»

«አዲሱን ጃቫ። ጃቫ ፕሮግራሞቻችን የሚሠሩበት ሞተር በሉት። አሮጌውንም አላነሳሁም፤ ሁለቱም አሉ።»

«ደወሉ ሲነሳ የትኛውን እንደሚጠራ በምን ያውቃል?»

«አንድ አድራሻ አለ፤ እሱን አይቶ… አድራሻውን ወደ አዲሱ ቀየርኩት።»

«ለሥራህ ብቻ? ወይስ ለመላው ኮምፒውተር?»

«ለመላው» አለ ዝግ ብሎ። «ግን ስወጣ እኮ እየሠራ ነበር!»

«ይሠራል እንጂ። ከእሁድ በፊት በአሮጌው ሞተር የተነሳ ነው፤ ካላቆሙት በዚያው ይቀጥላል። አስታማሚዋ አጥፍታ ስታስነሳው ግን የጠራው አዲሱን ነው። በል አሁን ራስህ አስነሳው፤ የሚልህንም አንብብልን።»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው። ልጅየው ጥቁሩን መስኮት እንዳይዘጋ አድርጎ ከፈተው፤ ትእዛዙን ጻፈ። አንድ መስመር ወጣ። አላነበበውም።

«አንብበው» አለች መርፌ።

«ሞጁሉ… አልተገኘም።» በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። «የደወሉን ፋይል የሚያነብልኝ ክፍል ነው። ከአሮጌው ጃቫ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከአዲሱ አውጥተውታል። ይህን አውቃለሁ እኮ! ቢሮ ውስጥ ለሰው ሁሉ የማስተካክለው እኔ ነኝ!»

«ማንን ይዘው ሊሄዱ ነው?» አለች አስታማሚዋ።

«ማንንም» አለች መርፌ። ፈልጎ ማግኘት እንዲህ መሮባት አያውቅም። ወደ ልጅየው ዞረች። «አድራሻውን ወደ አሮጌው መልሰው።»

መለሰው። አስነሳው። ጢጥ አለ።

መለኪያዋ ትራሱ ላይ የምትለካው ጣት አጣች። ደወሉ ቤቱን አናወጠው። እህትየዋ ከወንበሯ ተፈናጥራ ተነሳች፤ ማንም ሳይንቀሳቀስ አልጋው ጋ ደርሳ ቱቦውን ከወለል አፈፍ አድርጋ መሣሪያው ላይ ሰካችው። ከዚያ ቀና ብላ ባዶውን አልጋ አየች።

«ጋሼ» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «ይሄንንማ ሞቼም እሰማዋለሁ።»

ወንድሟ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ይጩህ።»