የተቆረጠው ጠፍር

ዳኛ ገብረመንፈስቅዱስ ከአንኮበር ቁልቁለቱን በበቅሎ ወርደው ድንጋይ በር ገብርኤል ሲደርሱ፣ ገዳይ የተባለው ሰው አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ቀጥቃጩ ገብረአብ እጆቹን የኋሊት ታስሮ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ በድንጋይ የተመታበት ቁስል ደምቶ ደርቋል። ዱላና ጦር የያዙ ሰዎች ከበውታል፤ አንዳቸውም አይናገሩም። ዳኛውን ያስፈራቸውም ይኸው ዝምታ ነበር።

የሟቹ አባት አቶ ዘርአ ዳዊት ቀርበው የበቅሎዋን ልጓም ያዙ።

«ጌታዬ፣ አንድ ልጅ ነበረኝ። ዛሬ ማለዳ ይኼ ሰው ገደለብኝ። ካራው ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል?»

«ቀኑን ብቻ ስጡኝ።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ታገሥኩ። ከዚያ በኋላ ዘመዶቼን አልይዛቸውም። ልያዛቸው ብልም አልችልም።»

ይህን ዳኛው ከማንም በላይ ያውቁታል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እነዋሪ ላይ አንድ ሸማኔ ለደመኞቹ አሳልፈው ሰጥተው ነበር። ሰውየው ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ እውነተኛው ገዳይ በሌላ ነገር ተይዞ ሁሉንም ለፈለፈ። የሸማኔው ሚስት መጥታ ደጃቸው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች፤ አንድም ቃል ሳትናገር ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ለፍርድ በተቀመጡ ቁጥር ያችን ሴት ያዩዋታል። አሁን ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው የሰው ፊት እንኳ በደንብ አይለዩም። ማንም አያውቅባቸውም እንጂ የሚያዩት በጣታቸው ነበር።

ሞቱ የደረሰበት አዲስ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ ቆሟል። የደብሩ አሥራ ሁለት ወጣቶች በገብርኤል ስም ማኅበር መሥርተው፣ ፊደል የሚማሩበትና መንገደኛ የሚያሳድሩበት ቤት እንሠራለን ብለው ሁለት ዓመት ደክመውበታል። ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባቸው ያወጡት፣ ሣሩን ያጨዱት፣ ጭቃውን የረገጡት ራሳቸው ናቸው። ከባለሙያ የጠሩት ግንበኛውንና ቀጥቃጩን ብቻ ነበር። ክዳኑ አልቋል፤ የቀረው ትንሽ ነው። ከነገ ወዲያ ታኅሣሥ ገብርኤል ሊመረቅ ነበር።

የሞተው ወልደ ሰንበት የማኅበሩ ሙሴ ነው፤ አለቃቸው ማለት ነው። ከሁሉ በፊት እየመጣ፣ በእንጨት ርብራቡ ላይ ወጥቶ የጣራውን ማሰሪያ አንድ በአንድ የመፈተሽ ልማድ ነበረው። ዛሬም እንደ ልማዱ ወጣ። የርብራቡ አንድ ጎን ከዳው፤ ከግንቡ በተረፈው የድንጋይ ክምር ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ።

ዳኛው ሬሳውን ገልጠው አዩ፤ መልሰውም ሸፈኑት። ከዚያ ተንበርክከው ርብራቡን ያሰረውን የበሬ ቆዳ ጠፍር ከመሬት አነሡ። ለሁለት ተቆርጧል። የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ልስልስ ነው፤ እንደ ቅቤ የተቆረጠ ይመስላል። የጠፍሩን ሆድ ሲዳስሱ ደግሞ የደረቀ ጭቃ ጣታቸው ላይ ተፈረከሰ፤ በመካከሉም የጭድ ስባሪ አለበት። ርብራቡ የታሰረበትን ቋሚ እንጨት ከእግር እስከ ራሱ ዳሰሱ። ጭቃው ማሰሪያው በነበረበት ቦታ ብቻ ነው፤ ከላይም ከታችም እንጨቱ ንጹሕ ነው።

መጀመሪያ ቀጥቃጩን አስጠሩት።

«ካራው የአንተ ነው?»

«እኔ የሠራሁት ነው፣ ጌታዬ። ለማኅበሩ ሰጠሁት። የክዳን ማሰሪያ የሚቆርጡበት እሱ ነበር፤ ሁልጊዜ ደጁ አጠገብ ተሰክቶ ይውላል።»

«ከወልደ ሰንበት ጋር ተጣልታችኋል?»

«እኔን ማኅበር ላስገባህ ይል ነበር። ሌሎቹ ከቀጥቃጭ ጋር በአንድ ጽዋ አንጠጣም አሉኝ፤ እሱ ግን ይጠጣሉ አለ። ተወው፣ ለእኔ ብለህ ከወንድሞችህ አትጣላ ብዬው ነበር። እምቢ አለ። እሱን ገድዬ ወዴት እሄዳለሁ? በዚህ አገር በስሜ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።»

ቀጥሎ ግንበኛው ወልደሩፋኤል ገባ፤ ከደነባ የመጣ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ፈርቷል።

«አዎ፣ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀናል» አለ ሳይጠየቅ። «አንድ ግድግዳ አስፈርሶኛል። ግን እሱ ልክ ነበር፤ ግድግዳው ዘሞ ነበር።»

«የጭድ ጭቃ መምረግ መቼ አቆምክ?»

«እሱማ ካለቀ አራት ቀኑ። ከዚያ ወዲህ በእበትና በአመድ ብቻ ነው የማለሰልሰው። በእኔ እጅ ጭድ የለም።»

«ትናንትስ እስከ መቼ ሠራህ?»

«ቀትር ላይ ጨርሼ መሣሪያዬን አጥቤ ወጣሁ። ሌሎቹም ለምሳ ተበተኑ።»

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው የሺጥላ ነው። የሟቹ የልብ ጓደኛ፣ እንደ ወንድም አብሮት ያደገ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

«ከብቶቼን ሳወጣ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ትንፋሹ አልወጣም ነበር። እጄን ያዘኝ፤ መናገር ግን አልቻለም።»

«ከአንተ ሌላ ማን ነበር?»

«ማንም። እኔ ጮኼ ነው ሰው የመጣው።»

ዳኛው ወደ ቤቱ መካከል ሄደው ትልቁን ምሰሶ ተደገፉ። ጽድ ነው፤ ሽታው ገና አልለቀቀውም።

«መልካም እንጨት ነው። ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ነገር ተስለን ነበር፤ ለእኔ ምሰሶው ደረሰኝ። ከወፍ ዋሻ በበሬ ጎትቼ አመጣሁት።»

የሺጥላ ከወጣ በኋላም ዳኛው ከምሰሶው አልተላቀቁም። እንጨቱ አምሮ ተጠርቧል፤ ነገር ግን በደረት ቁመት ላይ ጣታቸው አንድ ጎድጓዳ ነገር አገኘ። ዙሪያውን ተከተሉት። እንደ ቀለበት ዞሮ ይገጥማል። ለብዙ ዘመን ገመድ የታሰረበት፣ እንጨቱም በገመዱ ላይ ያደገበት ጠባሳ ነው።

የደብሩን አለቃ አስጠሩ። ሽማግሌው ቄስ ጠባሳውን እንዲዳስሱ እጃቸውን ይዘው መሩላቸው። ቄሱ ዳስሰው እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

«አባ፣ ምንድን ነው?»

«የድንጋይ ደወል ይንጠለጠልበት የነበረ ጽድ ነው። ከገደሉ ሥር ያለው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ ደወሉን እዚህ አመጣነው፤ ዛፎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ከዚያ ቅጥር ቅጠል የቆረጠ በግዝት ነው። ማንም አይደርስበትም።»

«ምሰሶው ሲመጣ አልጠየቁም?»

«ጠይቄያለሁ። መስቀል አስይዤ አስምዬዋለሁ። ከወፍ ዋሻ ነው ብሎ ማለ።» ቄሱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ትናንትና ወልደ ሰንበት መጥቶ በሐሰት የማለ ሰው ቀኖናው ስንት ዓመት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ለማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በምረቃው ዕለት ራሱ ይነግርዎታል፣ ካልሆነም እኔ እናገራለሁ አለኝ።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ውጭ ያሉት ሰዎች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ዳኛው አንድ ሰው ብቻ ቀራቸው።

ሸዋወርቅ ውኃ የሚቀዱትንና ጭቃ የሚያቀርቡትን ሴቶች የምትመራ ልጅ ናት። ለወልደ ሰንበት ታጭታ ነበር፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የሺጥላም ወንድሟ ነው፤ እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ልጄ፣ ትናንት ከቀትር በኋላ የጭድ ጭቃ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

ዳኛው ፊቷን በደንብ አያዩም፤ ትንፋሿ መቆራረጡን ግን ሰሙ።

«አላስታውስም፣ ጌታዬ።»

«ውጭ ያለውን ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ይገድሉታል። ሚስት አለችው?»

«አለችው። ነፍሰ ጡር ናት።»

ሌላ አልጠየቋትም። ሕዝቡ በቤቱ ደጃፍ እንዲሰበሰብ አዘዙ። ገብረአብም ከነእስራቱ መጥቶ በመካከል ቆመ። ዳኛው የጠፍሩን ሁለት ቁራጭ በእጃቸው ይዘው በበሩ መድረክ ላይ ተቀመጡ።

«ሁላችሁም ጠፍር ታውቃላችሁ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «የደረቀ ጠፍር በካራ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል፤ ጫፉ ይሻክራል። ይኼ ለስልሷል። ሲቆረጥ እርጥብ ነበር ማለት ነው። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር አልፎታል፤ ታዲያ ከጣራ በታች ያለ ጠፍር ምን አረጠበው?»

የደረቀውን ጭቃ ከጠፍሩ ላይ በጣታቸው ፈረከሱ።

«ጭቃ ነው። አንድ ሰው ማሰሪያውን በእርጥብ ጭቃ ጠቅልሎ አሳደረው። ጠፍር ሲርስ ይለጠጣል፤ ባዶ ርብራብ ግን ይሸከማል። ሰው ሲወጣበት ይከዳል። ጭቃው ጭድ አለበት፤ ግንበኛው ጭድ ከተወ አራት ቀኑ ነው። ስለዚህ ይኼ ጭቃ ለግድግዳ አልተቦካም።»

«ካራውስ?» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት።

«ጠፍሩ አስቀድሞ ተቆርጦ ቢሆን ርብራቡ ያኔውኑ በቆራጩ ላይ በወረደ ነበር፤ ልጅዎ እስኪወጣበት አይጠብቅም። ጠፍሩ የተቆረጠው ከወደቀ በኋላ ነው። የተለጠጠውን ማሰሪያ ያየ ሰው ውኃውን እንዳይጠረጥር፣ ገዳዩ ጭቃውን ጠራርጎ ቆረጠው፤ በደጁ ያለውንም ካራ ጣለበት። ይህን ማድረግ የሚችለው ሰው ከመምጣቱ በፊት ከሬሳው ጋር ብቻውን የነበረ ነው።»

የሰው ሁሉ ፊት ቀስ እያለ ወደ የሺጥላ ዞረ።

«እኔ ወንድሜን?» አለ የሺጥላ። «ለምን ብዬ?»

«ምሰሶው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ጽድ ስለሆነ። መስቀል ይዘህ በሐሰት ስለማልክ። ወልደ ሰንበትም የገመዱን ጠባሳ አግኝቶ፣ እስከ ምረቃው ዕለት ቀን ስለሰጠህ።»

«ጭቃውን እኔ እንደወሰድኩ ማን አየ? ይናገር።»

ከዚህ በላይ በዳኛው እጅ ምንም አልነበረም። አንዱ የሟች ዘመድ «የቀጥቃጩ ድግምት ነው» ሲል ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ፤ ጦሮችም ከመሬት ተነቀሉ። ያኔ ሸዋወርቅ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ወደ ዳኛው አልመጣችም፤ ወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሰዉ ለምሳ ሲወጣ አንድ ቅርጫት ጭቃ አቡኪልኝ አልከኝ። የአይጥ ቀዳዳ ልድፈን አልከኝ። ውኃ አልቆ ስለነበር እንደ ገና ምንጭ ወረድኩልህ።» መዳፎቿን ዘረጋችለት። «በእኔ እጅ ነው ያስቦካኸው፣ የሺ።»

የሺጥላ ከፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እግሩ ብቻ ቢሰበር ብዬ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለምረቃው ባይደርስ፣ እስከዚያ እለምነዋለሁ ብዬ። ሁሉም የተሳለውን አምጥቶ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ቀረሁ። በሬዬ አንዱ ታሞ ነበር፤ ወፍ ዋሻ መሄድ አልቻልኩም። ድንጋዩ ላይ ይወድቃል አላልኩም። ካራውን … ምን እንዳደረግሁ አላውቅም። እሱ እጄን ይዞኝ ነበር። እጄን ከእጁ አስለቅቄ ነው የቆረጥኩት።»

አቶ ዘርአ ዳዊት በዝግታ ወደ እሱ ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። በእጃቸው የያዙት ጎራዴ ከአፎቱ ወጥቷል። በየሺጥላና በእሳቸው መካከል ግን ሸዋወርቅ ቆማለች፤ አትለምንም፣ አታለቅስም፣ ገለልም አትልም። ሽማግሌው ልጃቸው ሊያገባት የነበረችውን ልጅ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንኮበር ይውሰዱት» አሉ በመጨረሻ ለዳኛው። «ይቅር አላልኩትም። እጄን ግን በእሷ ፊት አላነሣም።» ጎራዴውን መሬት ላይ ጥለው ወደ ልጃቸው ሬሳ ገቡ።

የገብረአብ እስራት ተፈታ። ዳኛው አጠገቡ ቆሙ። የሺጥላ እግሩ ሳይታሰር መንገድ ቢገባ ወይ አመለጠ ብለው የሟች ዘመዶች ገደሉ አፋፍ ላይ እንደሚገድሉት፣ ወይ እሱ ራሱን እንደሚወረውር ያውቃሉ። እግር ብረት መግጠም የሚችል ሰው ደግሞ በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው።

«ልጠይቅህ አልደፍርም» አሉት።

ገብረአብ የደነዘዙ እጆቹን እያሻሸ የሺጥላን አየው። ከዚያም ወደ ራሱ ቤት ሄዶ ብረቱንና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። የሺጥላ እግሩን ዘረጋ፤ ሸዋወርቅ ተንበርክካ ቁርጭምጭሚቱን ያዘችለት።

«ብረቱ ቆዳውን ይልጠዋል» አላት ገብረአብ። «መንገዱ ዳገት ነው። ጨርቅ አለሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ቀደደች። ቀጥቃጩ ጨርቁን አጥፎ ከብረቱ ሥር አስገባና፣ በጣቱ ልኩን ፈትሾ፣ መዶሻውን አነሣ።