«ደህና ነኝ» የሚለው ጎማ

ዘነቡ ክሪኩ አጠገብ ተንበርክካ የሚኒባሱን የፊት ግራ ጎማ «እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን» አለ ጎማው።

ደህና አልነበረም። ጥርሱ ተበልቶ ሙልጭ ብሏል፤ በጎኑም ሽቦው ወጥቷል። ዘነቡ በደብረ ብርሃን የታወቀች ጎሚስታ ናት። ነርቭ ጎማ የሚባለው፣ በላስቲኩ ውስጥ ስሜት ያለው ክር የተሸመነበት ጎማ፣ ሕመሙን በሰው አንደበት ስለሚናገር ጧት ማታ ስሞታ ስትሰማ ነው የምትውለው። አንዱ ኮረኮንቹ ፈጀኝ ይላል፣ ሌላው ንፋስ አነሰኝ ብሎ ይነጫነጫል። የሚያመሰግን ጎማ ግን ገጥሟት አያውቅም። የቀሩትን ሦስቱን ጠየቀች። ሦስቱም አመሰገኑ።

ዘነቡን ፍርሃት ወረራት። ሚኒባሱ ውስጥ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደው ቆላ ላለው ሐኪም ቤት መድረስ ያለባቸው ሕሙማን ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ልሳነወርቅ» አለች ሾፌሩን፤ «በዚህ ጎማ ቢወርዱ ኖሮ ሁላችሁም አልቃችሁ ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? በየጠዋቱ እጠይቃቸዋለሁ፤ ደህና ነን ይሉኛል።»

«አዲስ ነርቭ ጎማ አለ፤ ዲዳውም የጥንቱ ጎማ አለ። የቱን ልግጠም?»

«የሚናገረውን ግጠሚልኝ። ዲዳውን በየቀኑ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል? በዚህ ወገቤ!»

ቡሎኖቹን ፈታ አሮጌዎቹን አወረደች። አዲሶቹን እየገጠመች ነገሩን ታብሰለስለው ጀመር። ነርቭ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ መዋሸት አያውቅም። አነጋገር የሚለምደው ከሾፌሩ ነው፤ የሾፌሩን እጅ በመሪው በኩል ይሰማል፣ ንግግሩን ከጋቢናው ይሰማል፣ ከዚያ ሁለቱን ያገናኛል። የዛለ እጅ «ደከመኝ» ሲል ከሰማ፣ ድካም ምን እንደሚባል ያውቃል። እነዚህ አራቱ ተጎድተው ሳለ «ደህና ነኝ» ካሉ፣ እየተጎዳ እንዲያ የሚል ሰው አብሯቸው ከርሟል ማለት ነው።

የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቃ ተነሣች።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። ቆንጠጥ አደረገችው። ምንም አልተሰማቸውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ ወዲህ። መሪውን መያዜን የማውቀው በዓይኔ እያየሁ ነው። ከመኪናዬ ካወረዱኝ ምን ልሆን ነው? ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥጥ?»

ዘነቡ ተናደደችም፣ አዘነችላቸውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ሰው ጭነው እኮ ነው!»

ሌላ ሾፌር እንዲልኩ ወደ ስምሪት ክፍሉ ደወለች። እሳቸውም አልከለከሏትም፤ ቁልፉን አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት። ወለሉ ላይ ከተጣሉት አሮጌ ጎማዎች በአንዱ ላይ ቁጭ ሲሉ፣ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለመሆኑ መሥሪያ ቤትዎ እንዴት አደሩ ብሎ አይጠይቅዎትም?»

«በየቀኑ ይጠይቀኛል እንጂ።»

«ታዲያ?»

ጋሽ ልሳነወርቅ ጥያቄው ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

«እሱማ ሰላምታ ነው» አሏት።